የማህፀን ፖሊፕ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ፦ ከዝግጅቱ እስከ ፓቶሎጂ ውጤቱ

አልትራሳውንድ ተነስተው «ማህፀን ውስጥ ፖሊፕ አለ፣ መውጣት አለበት» ከተባሉ፣ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ሐኪምዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ የሚወጣው በካሜራ እየታየ ነው ወይስ በጠረጋ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የቀረው ሁሉ ግን በመልሱ ላይ ይወሰናል። የጠረጋ መሣሪያ ጫፉ እንደ ትንሽ ማንኪያ የሆነ ረጅም ብረት ነው። የያዘው ሐኪም ማህፀን ውስጥ ምን እንደነካ የሚያውቀው በእጁ ስሜት ብቻ ነው። ፖሊፕ ደግሞ ለስላሳና ተወዛዋዥ ስለሆነ ብረቱ ሲመጣበት ጎንበስ ይላል፣ ሲያልፍ ቀና ይላል። በዙሪያው ያለው ሽፋን ተጠርጎ ፖሊፑ እዚያው ይቀራል፤ ወይም ጫፉ ይቆረጥና ሥሩ ይቀራል። ደሙ ለወር ለሁለት ወር ጋብ ይልና ይመለሳል፣ ሴትየዋም «እንደገና በቀለ» ትባላለች። መጀመሪያውኑ ሳይወጣ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ዛሬ የሚመከረው መንገድ ሂስቴሮስኮፒ ነው። ቀጭን ካሜራ በማህፀን በር ገብቶ ፖሊፑ እየታየ ከሥሩ ይቆረጣል። ሆድ አይከፈትም፣ ስፌትም የለውም።

የትኛው ፖሊፕ ይወጣል?

ፖሊፕ የማህፀን የውስጥ ሽፋን በአንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ አድጎ ወደ ክፍተቱ ሲወጣ የሚፈጠር ሥጋ ነው። መሃሉ ላይ የሚመግበው የደም ሥር አለው። አንዳንዱ በቀጭን አንገት ይንጠለጠላል፣ ሌላው ሰፊ መሠረት ይዞ ግድግዳው ላይ ይቀመጣል። ጥቂት ሚሊሜትር የሆነም ብዙ ሴንቲሜትር የደረሰም ያጋጥማል። ማዮማ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከማህፀን ጡንቻ ይነሳል፣ ይጠነክራልም። ሁለቱ ከተምታቱ የሚዘጋጀው መሣሪያና የሚያዘው ሰዓት ስለሚሳሳት፣ ልዩነቱ ቀድሞ መጣራት ይኖርበታል።

ፖሊፕ ሁሉ አይወጣም። ከ10 ሚሊሜትር ያነሰ፣ ደም የማያስከትል፣ ያላረጠች ሴት ላይ በአጋጣሚ የተገኘ ፖሊፕ በክትትል ሊቆይ ይችላል፤ እንዲህ ካሉት ሩብ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሳቸው ይጠፋሉ። የሚወጣው በወር አበባ መሃል ደም የሚያሳይ፣ የወር አበባን የሚያበዛና የሚያስረዝም፣ ማርገዝ ለተቸገረች ሴት እንቅፋት የሆነ፣ ወይም ከማረጥ በኋላ ደም ያመጣ ፖሊፕ ነው። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ላይ የተገኘም በቸልታ አይታይም። አብዛኛው ፖሊፕ ካንሰር አይደለም፤ ካንሰር ወይም ወደ ካንሰር የሚያመራ ለውጥ የሚገኘው በግምት ከ100 በ3 ያህሉ ላይ ነው። ዕድሜ ሲጨምርና ከማረጥ በኋላ ደም ሲኖር ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ፖሊፕን የሚያሟሟ ክኒን የለም። የሆርሞን መድኃኒት ደሙን ለጊዜው ሊያረጋጋ ይችላል፣ ፖሊፑ ግን ባለበት ይቆያል። በሌላ በኩል፣ ካንሰር የሌለበትን ፖሊፕ ብቻ ምክንያት አድርጎ ማህፀንን በሙሉ ማውጣት ከሚገባው በላይ የሆነ ሕክምና ነው። እንዲህ ዓይነት ሐሳብ ከቀረበልዎ ሌላ የማህፀን ስፔሻሊስት ያማክሩ።

ቀኑ

ለወር አበባ ዑደት ቀን ትኩረት ካልተሰጠ ምርመራውም ቀዶ ሕክምናውም ይበላሻል። ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት የማህፀን ሽፋን ይወፍራል፣ ይጨማደዳልም። ያን ጊዜ በአልትራሳውንድ የታየ «ፖሊፕ» የሽፋኑ እጥፋት ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛው ፖሊፕ ደግሞ በወፈረው ሽፋን ውስጥ ይደበቃል። ጥርጣሬ ካለ ደሙ እንደቆመ አልትራሳውንዱ ይደገም። አሁንም ካልጠራ፣ በቀጭን ቱቦ ከ5 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (ንጹህ የጨው ውኃ) ማህፀን ውስጥ እየገባ አልትራሳውንድ ይነሳል። ፈሳሹ ግድግዳዎቹን ያለያያቸዋል፣ ፖሊፑም መሃል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለቀዶ ሕክምናውም የሚመረጠው ደሙ ከቆመበት ቀን አንስቶ፣ ከወር አበባው የመጀመሪያ ቀን ተቆጥሮ እስከ 10ኛው ወይም 12ኛው ቀን ያለው ጊዜ ነው። ሽፋኑ ስስ ስለሆነ እይታው ንጹህ ነው፤ ያልታወቀ እርግዝና የመኖር ዕድሉም ይቀንሳል። ደሟ ሥርዓት ያጣባት ሴት ሽፋኑ እንዲሳሳ አስቀድሞ ሆርሞን ሊታዘዝላት ይችላል። ያረጠች ሴት ቀን መምረጥ አያስፈልጋትም።

ከመሄድዎ በፊት

የእርግዝና ምርመራና የሄሞግሎቢን መጠን አስቀድሞ ይታያል፤ ለወራት ደም ሲፈስሳት የቆየች ሴት ደም ማነሱ ቀድሞ ሊታከምላት ይገባል። ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ ትኩሳት ወይም የታችኛው ሆድ ሕመም ካለ ቀጠሮው ይተላለፋል፤ ባለበት ኢንፌክሽን ላይ ማህፀን ውስጥ መግባት ኢንፌክሽኑን ወደ ማህፀን ቱቦዎቹ ይገፋዋል።

ለሐኪሙ ሳይጠየቁም የሚነግሯቸው ነገሮች አሉ። ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ? በራስዎ አያቁሙት፣ መቼና እንዴት እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በኦፕሬሽን ወልደዋል? ማህፀንዎ ተጠርጎ ያውቃል? የማህፀን በርዎ ላይ የተደረገ ሕክምና ነበር? እነዚህ የማህፀን በር መጥበቡን ወይም ጠባሳ መኖሩን ይጠቁማሉ፤ ቀድሞ ያወቀ ሐኪም ቀጭኑን መሣሪያ ያዘጋጃል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለም መነገር አለበት፤ ምክንያቱ በሂደቱ ጊዜ ማህፀን ውስጥ ስለሚገባው ፈሳሽ ስንናገር ይመጣል።

ጾሙ እንደ ማደንዘዣው ዓይነት ይለያያል። ሙሉ ሰመመን ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት የሚሰጥዎ ከሆነ ሂደቱ ከመጀመሩ ምግብ 6 ሰዓት፣ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። ነቅተው የሚሠራልዎ ከሆነ ግን ቀለል ያለ ምግብ በልተው ይሂዱ፤ ባዶ ሆድ ራስ ማዞርና መሳትን ያባብሳል። ለዚህኛው ዓይነት፣ ከሂደቱ 1 ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን መውሰድ ቁርጠቱን ይቀንሳል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም በዚህ መድኃኒት የሚነሳ አስም ያለባት ሴት በምትኩ 1 ግራም ፓራሲታሞል ትውሰድ። የማህፀን በርን የሚያለሰልሰው ሚሶፕሮስቶል ለሁሉም አይሰጥም፤ ቁርጠት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ተቅማጥ ስለሚያመጣ በሩ ይጠብባል ተብሎ ለተገመተላት ሴት ይቆያል። ለመከላከል ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክም በመደበኛነት አያስፈልግም።

ነቅቶ ወይስ በሰመመን?

ፖሊፕ ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሕመም ነርቮች ያሉት ከሽፋኑ ሥር ባለው ጡንቻ ውስጥና በማህፀን በር ላይ ነው። ሕመሙ የሚመጣው በሩ ሲሰፋ፣ ማህፀኑ በፈሳሽ ሲወጠርና የተቆረጠው ፖሊፕ በጠባቡ በር ተስቦ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ትናንሽ ፖሊፖች 5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ውፍረት ባለው መሣሪያ፣ ያለ ሰመመን፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ሊወጡ ይችላሉ። ትልቅ ፖሊፕ፣ ሰፊ መሠረት ያለው፣ ብዛት ያለው፣ ወይም በሩ በጣም የጠበበባት ሴት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ትሄዳለች።

አንዳንዷ ሴት ቁርጠቱን እንደ ወር አበባ ሕመም ትገልጸዋለች፣ ሌላዋ ግን ፈጽሞ አትችለውም። አስቀድሞ ማን እንደምትችለው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ስለዚህ «ይበቃኛል፣ አቁሙልኝ» ማለት መብትዎ መሆኑን ከመጀመሩ በፊት ተነጋግረው ይግቡ። በዚያ ሰዓት ማቆምና በሌላ ቀን በሰመመን መጨረስ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። «ትንሽ ቻይው» እያሉ መቀጠል መጥፎ ሕክምና ነው።

እንዴት ይሠራል?

የሽንት ፊኛ ባዶ ይሆናል፣ እግሮች ማንጠልጠያው ላይ ይቀመጣሉ። ሐኪሙ በመጀመሪያ በእጁ መርምሮ ማህፀኑ ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ እንደተጋደመ ያረጋግጣል። ይህ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ነው፤ የዘለለው ሐኪም መሣሪያውን በተሳሳተ አቅጣጫ ገፍቶ ማህፀን ሊበሳ ይችላል። ቀጥሎ ፈሳሹ የሚመጣበት ቱቦ ውስጥ ያለው አየር ሙሉ በሙሉ ይወጣል። አየሩ ከቀረ አረፋው እይታውን ይጋርዳል፤ የከፋው ደግሞ ወደ ደም ሥር መግባቱ ነው። በዚሁ ምክንያት አልጋው ከራስጌ በኩል ዝቅ ተደርጎ አይሠራም።

በቀጭን መሣሪያ ሲሆን ብልትን የሚከፍተው ስፔኩለም ላያስፈልግ ይችላል። ካሜራው ከሚፈሰው ሳላይን ጋር ይገባል፣ ፈሳሹ መንገዱን እየከፈተለት የማህፀን በር ይገኛል። እዚህ ላይ እጅን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። የተለመደው ሌንስ የሚያየው ፊት ለፊት ሳይሆን በ30 ዲግሪ ሰያፍ ነው። ሌንሱ ወደ ላይ ሲያይ፣ የበሩ ጥቁር ቀዳዳ ስክሪኑ ላይ መሃል ሳይሆን ወደ ታችኛው ጠርዝ መቀመጥ አለበት። ቀዳዳውን መሃል ላይ አድርጎ የገፋ ሐኪም በእውነቱ ግድግዳውን እየገፋ ነው፤ የሐሰት መንገድ የሚከፈተው፣ ሴትየዋም ድንገት የምትጮኸው እዚህ ጋ ነው።

ውስጥ ሲገባ ወዲያው መቁረጥ አይጀመርም። የሁለቱ ቱቦዎች አፍ፣ የማህፀኑ ጣሪያ፣ አራቱ ግድግዳዎችና የበሩ ቦይ በተራ ይታያሉ። የፈሳሹ ግፊት ክፍተቱ የሚከፈትበት ዝቅተኛው መጠን ላይ ይደረጋል፤ ነቅታ ላለች ሴት ከ40 እስከ 70 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ በሰመመን ሲሠራ ከፍ ሊል ቢችልም ከሴትየዋ አማካይ የደም ግፊት ባይበልጥ ይመረጣል። ፖሊፑ ስክሪኑ ላይ ሮዝማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ላዩ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች የሚታዩበት ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ነጣ ብሎ የማይነቃነቅ ከሆነ ማዮማ መሆኑ ይጠረጠራል።

ትንሽና መካከለኛ ፖሊፕ የሚቆረጠው ውፍረቱ 1.7 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ መቀስ ነው። መቀሱ ፖሊፑ ከግድግዳው የሚነሳበት ቦታ ላይ ይጠጋል፣ መሠረቱም ከአንድ ጎን ይቆረጣል። ሙሉ በሙሉ ግን አይበጠስም፤ የክር ያህል ቅሪት ይተውለታል። ሙሉ በሙሉ የተለቀቀ ፖሊፕ በፈሳሹ ውስጥ እየተንሳፈፈ መቆንጠጫውን ስለሚሸሽ እሱን ማሳደድ ከመቁረጡ በላይ ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ መቀሱ ይወጣና መቆንጠጫ ይገባል፤ ፖሊፑን ከሥሩ ይዞ ቅሪቱን ይበጥሰዋል። ፖሊፑ በመሣሪያው ጠባብ ቀዳዳ ስለማያልፍ፣ ካሜራው፣ መቆንጠጫውና ፖሊፑ አብረው ይወጣሉ። ካሜራው ተመልሶ ይገባና ሥሩ ይታያል፤ የቀረ ካለ እንደገና ይቆረጣል።

ከማህፀን በር የሚሰፋ ፖሊፕ ሳይከፋፈል ከተሳበ ይጣበቃል ወይም ይበጣጠሳል። እሱ ከጫፉ ወደ ሥሩ በርዝመቱ ተሰንጥቆ፣ ከዚያ ሥሩ ተቆርጦ፣ ቁራጭ በቁራጭ ይወጣል። ለትላልቆቹ ሬሴክቶስኮፕ የሚባለው፣ በኤሌክትሪክ የሚቆርጥ የሽቦ ቀለበት ያለው መሣሪያ አለ፤ በሩ ወደ 9 ወይም 10 ሚሊሜትር መስፋት ስላለበት ሰመመን ይፈልጋል። የዚህ መሣሪያ ሕግ አንድ ነው፦ ቀለበቱ ከፖሊፑ ኋላ ይቀመጣል፣ ኤሌክትሪኩ የሚለቀቀው ቀለበቱ ወደ ካሜራው ሲመለስ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ለቆ ወደ ፊት መግፋት ግድግዳውን በስቶ አንጀትን ሊያቃጥል ይችላል። ሦስተኛው ምርጫ በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከር ምላጭ ነው፤ እየቆረጠ ወዲያው ወደ ውስጥ ይስባል፣ ኤሌክትሪክ አይጠቀምም፣ ቁራጮቹም በማጣሪያ ከረጢት ይሰበሰባሉ። ፈጣንና ለመልመድ ቀላል ነው፣ ዋጋው ግን ከመቀሱ ጋር አይወዳደርም።

ጥልቀቱ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥሩ ከቀረ ፖሊፑ ይመለሳል። ጡንቻው ድረስ ከተቆፈረ ደግሞ ደም ይፈሳል፣ በኋላም ጠባሳ ይፈጠራል። በተለይ ልጅ የምትፈልግ ሴት ላይ መቀስ ወይም ምላጭ ከኤሌክትሪክ ይሻላል ብለን እናምናለን፤ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ሽፋን አይቃጠልም።

መሣሪያው ከመውጣቱ በፊት የፈሳሹ ግፊት ዝቅ ይደረጋል። ከፍተኛ ግፊት የሚደማን ሥር ይደፍናል፣ ሌላ ለስላሳ ፖሊፕ ካለም ግድግዳው ላይ ያስተኛዋል። ግፊቱ ሲቀንስ ሁለቱም ይገለጣሉ።

የፈሳሹ ሂሳብ

ወደ ማህፀን ከገባው ፈሳሽ የተወሰነው ወደ ደም ይገባል። በገባውና ተመልሶ በወጣው መካከል ያለው ልዩነት በየጥቂት ደቂቃው ተሰልቶ ጮክ ብሎ ሊነገር ይገባል። ለጤነኛ ሴት በኖርማል ሳላይን ሲሠራ ልዩነቱ 2500 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ሥራው ይቆማል። ለአረጋዊት፣ ለልብ ወይም ለኩላሊት ሕመምተኛ ገደቡ 1500 ነው። እንደ ግላይሲን ያለ ጨው አልባ ፈሳሽ ሲሆን ደግሞ ገደቡ 1000፣ ለሕመምተኞቹ 750 ይሆናል፤ ይህ ፈሳሽ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አውርዶ አንጎልን ሊያሳብጥ ይችላል። ለአንድ ትንሽ ፖሊፕ እዚህ ቁጥር ላይ መድረስ ብርቅ ነው። ስህተቱ የሚመጣው መሬት ላይ የፈሰሰው ሳይቆጠር ሲቀር ወይም ቆጣሪ ሰው ሳይመደብ ሲጀመር ነው።

ማህፀን ሲበሳ

ከ100 ሴቶች ከአንድ ባነሱት ላይ የሚደርስ ነው፣ ግን መታወቅ አለበት። ምልክቱ ማህፀኑ ድንገት መውጠሩን ሲያቆም፣ የፈሳሹ ልዩነት ባንዴ ሲያሻቅብ፣ ወይም ስክሪኑ ላይ ቢጫ ስብ ሲታይ ነው። ሥራው ወዲያው ይቆማል። ቀዳዳው በቀጭን መሣሪያ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የተፈጠረ ከሆነና ሴትየዋ የተረጋጋች ከሆነ ክትትል ሊበቃ ይችላል። በኤሌክትሪክ የተበሳ ከሆነ አንጀት መነካቱ በላፓራስኮፒ (በሆድ ላይ በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ይታያል፤ የተቃጠለ አንጀት ምልክት የሚሰጠው ከቀናት በኋላ ስለሆነ «ደህና ትመስላለች» ብሎ ወደ ቤት መላክ አይገባም። ከሥሩ የማይቆም ደም ከመጣ ደግሞ የፎሊ ካቴተር (ጫፉ ላይ የሚነፋ ፊኛ ያለው የሽንት ቱቦ) ፊኛ ማህፀን ውስጥ ገብቶ በሳላይን ተነፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ቦታውን ተጭኖ ደሙን ያቆመዋል።

ናሙናው

የወጣው ሥጋ ሁሉ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ ይሄዳል። «ሲታይ ጤነኛ ነው» ተብሎ የሚጣል ፖሊፕ የለም፤ በዓይን ጤነኛ የሚመስል ፖሊፕ ውስጥም ካንሰር ሊገኝ ይችላል። ናሙናው ወዲያው ከራሱ መጠን 10 እጥፍ በሚሆን ባለ 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይገባል። ሳላይን ውስጥ ያደረ ሥጋ ስለሚበሰብስ ሐኪሙ ሊያነበው አይችልም። ከተለያየ ቦታ የወጡ ፖሊፖች በተለያየ ዕቃ ይቀመጣሉ፣ ስምና ቦታ የሚጻፈው በዕቃው ገላ ላይ ነው፤ ክዳን ይቀያየራል። ካረጠች ሴት ላይ ከፖሊፑ ሌላ ከቀሪው ሽፋንም ናሙና መውሰድ ተገቢ ነው። ከመውጣትዎ በፊት ናሙናው የት እንደተላከና ውጤቱን ማን እንደሚሰጥዎ ይጠይቁ፤ የተረሳ ውጤት የቀዶ ሕክምናውን ግማሽ ጥቅም ያስቀራል።

ከዚያ በኋላ

አብዛኛዋ ሴት በዕለቱ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት ለአንድ ሁለት ቀን፣ ጠብ ጠብ የሚል ደም ወይም ውኃማ ፈሳሽ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴ እስከ ሁለት ሳምንት ይኖራል። ደሙ እስኪቆም፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ሞዴስ ይጠቀሙ፤ ታምፖን፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነትና ዋና ይቆዩ። ሰመመን ከተሰጠዎ ለ24 ሰዓት መኪና አይንዱ፣ ሰውም አብሮዎት ይሁን። ለተከታታይ 2 ሰዓት በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ የሚሞላ ደም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ በመቀነስ ፈንታ እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ውጤቱ «ካንሰር የሌለበት ፖሊፕ» ካለና ሥሩ በሙሉ ወጥቶ ከሆነ ተጨማሪ ሕክምና አያስፈልግም። ያልተለመደ ሕዋስ ያለበት የሽፋን መወፈር ወይም ካንሰር ከተገኘ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ማህፀን ማውጣት የሚነሳው ያኔ ነው፣ መውለድ ለምትፈልግ ወጣት ሴት ደግሞ በቅርብ ክትትል የሆርሞን ሕክምና ሊታሰብ ይችላል። ማርገዝ የምትፈልግ ሴት አንድ የወር አበባ ካየች በኋላ መሞከር ትችላለች።

ፖሊፕ በትክክል ከወጣም በኋላ በሌላ ቦታ ሊበቅል ይችላል። መውለድ ለማትፈልግና ለሚደጋገምባት ሴት ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን የሚለቅ የማህፀን ሉፕ ሽፋኑን ስስ አድርጎ ያቆየዋል፤ የጡት ካንሰር ላለባት ወይም ለነበረባት ግን ከካንሰር ሐኪሟ ጋር ሳይመከር አይገባም። ከማረጥ በኋላ ደም እንደገና ከታየ፣ ጠብታም ቢሆን፣ «ያው የድሮው ፖሊፕ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ ምርመራው እንደ አዲስ ከአልትራሳውንድ ይጀመራል።